ያነበቡልንና ያነበብነው

ከዓመታት በፊት በአንድ የማታ ክፍል ጎልማሶችን ማንበብና መጻፍ አስተምር ነበር። ከተማሪዎቼ መካከል በዕድሜ እናቴን የሚበልጡ አንዲት ሴት ነበሩ፤ እኔ እማማ እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም አስተማሪያቸው ብሆንም ልጄ ይሉኛል። ትምህርት ከጀመርን ሰባት ወር ገደማ ሲሆነን፣ አንድ ምሽት ሌሎቹ ወጥተው ሲያበቁ እሳቸው ወደ ኋላ ቀሩና በጨርቅ የተጠቀለለ፣ እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ የደረሰ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ሟች ባለቤታቸው ከጎረቤታቸው ጋር ስለ ጓሯቸው ወሰን የተዋዋሉበት ወረቀት ነበር። «ያመጣሁት እንድታነቢልኝ አይደለም፤ እኔ ሳነብ እንድትሰሚኝ ነው» አሉኝ።

ጣታቸውን ከፊደል ፊደል እያሻገሩ አንድ ገጽ የማይሞላውን ጽሑፍ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ወሰደባቸው። ሲጨርሱ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ወረቀቱን ለዓመታት ሲያነብላቸው የኖረው አንድ ዘመዳቸው ነበር፤ በእሱ ንባብ መሠረት ጎረቤትየው የያዟት ቁራሽ መሬት የእሳቸው ስትሆን የተወሰደችባቸውም ያለ አግባብ ነበር። ወረቀቱ ግን እንዲህ አይልም። ባለቤታቸው ያችን ቁራሽ ወድደው እንደ ለቀቁ፣ ጎረቤትየውም በምላሹ በሁለቱ ቤቶች መካከል የሚያልፈውን የውኃ መውረጃ በራሳቸው ወጪ ለማሠራት እንደ ተስማሙ ይመሰክራል። መውረጃው ተሠርቷል፤ እማማ በየቀኑ ይሻገሩታል። ዘመድየው ሆን ብሎ ዋሽቶ ይሁን፣ ወይስ ራሱም በቅጡ ማንበብ ስለማይችል የጎደለውን በግምት ሞልቶ፣ ማወቅ አልቻልኩም። ከአእምሮዬ ያልጠፋው ሁለት ቤተሰቦች ለ11 ዓመት ሰላምታ ተነፋፍገው መኖራቸውና ልጆቻቸውም በዚያ ቂም ውስጥ ማደጋቸው፣ ይህም ሁሉ የሆነው መልሱ በጨርቅ ተጠቅልሎ እዚያው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሳለ መሆኑ ነው።

ስለ ማንበብና መጻፍ ጥቅም ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት የሥራ ዕድል፣ የገቢ መሻሻልና የጤና ዕውቀት ናቸው። ሁሉም እውነት ናቸው፤ እኔም ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ኖሬአለሁ። ከዚያች ምሽት ወዲህ ግን ከሁሉ የማስቀድመው ሌላ ነገር ነው። ማንበብ የሚችል ሰው በሰማው ነገርና በሚያምነው ነገር መካከል ቆም ብሎ የሚያጣራበት ቦታ አለው። ማንበብ የማይችል ሰው አስተዋይነት ይጎድለዋል ማለቴ አይደለም፤ ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ በማስታወስም ነገርን በማመዛዘንም የሚበልጡኝ ነበሩ። የሚጎድላቸው የተጻፈውን በራሳቸው ዓይን የመመርመር አቅም ነበር፤ ስለዚህም የሌላ ሰው ዓይን ይዋሳሉ። በደኅና ቀን ዓይን መዋስ ብዙም አይጎዳም። በጠብ ጊዜ ግን ዓይኑን የሚያውሰን ሰው ብዙውን ጊዜ በጠቡ ውስጥ የራሱ ፍላጎት ያለው ነው።

ዛሬም በዓለም ላይ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ወጣቶችና ጎልማሶች ከ700 ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ ሁለት ሦስተኛ ያህሉም ሴቶች ናቸው። ዩኔስኮን ለማቋቋም በ1945 የጸደቀው ሰነድ (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በመግቢያው ላይ ጦርነት የሚጀመረው በሰዎች አእምሮ ውስጥ ስለሆነ የሰላም ምሽግም መገንባት ያለበት በዚያው በአእምሮ ውስጥ ነው ይላል። ይህ ሐሳብ ደጋግሞ ከመጠቀሱ የተነሣ ክብደቱ የቀነሰ ይመስላል። እኔ ግን ያን ወረቀት ባሰብኩ ቁጥር ቃል በቃል እውነት ሆኖ አገኘዋለሁ። ያው ድርጅት በ1966 ሴፕቴምበር 8 የመሠረተ ትምህርት ቀን ሆኖ በዓለም ዙሪያ እንዲታሰብ የወሰነ ሲሆን፣ በ2024 ቀኑ የታሰበው በብዙ ቋንቋዎች መማር ለመግባባትና ለሰላም ያለውን ድርሻ በማንሣት ነበር። ማንበብንና ቋንቋን አንድ ላይ ማንሣቱ ተገቢ ነው፤ ማንበብ ብቻውን የማይደርስበት ቦታ አለና።

ያም ቦታ ወረቀቱ በሁለት ቋንቋዎች ሲጻፍ የሚፈጠረው ነው። የውጫሌን ውል የአማርኛ አንባቢ ሁሉ ስለሚያውቀው አላረዝመውም። በ1889 የተፈረመው የዚህ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የኢጣልያንኛው ቅጂ ግን ነገሩን ወደ ግዴታ ይለውጠዋል፤ የኢጣልያ መንግሥትም ይህን ተመርኩዞ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ሲል ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀ። ዳግማዊ ምኒልክ ውሉን በ1893 አፈረሱት፤ በ1896ም ነገሩ ዓድዋ ላይ ደረሰ። ጦርነቱን ያመጣው የትርጉም ልዩነት ነው ማለት የዋህነት ይሆናል፤ ቅኝ ግዛት የፈለገ መንግሥት ይህን ሰበብ ቢያጣ ሌላ ይፈልግ ነበር። ሆኖም ሰበቡ ተሸሽጎ ሊቆይ የቻለው በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ባለችው፣ ሁለቱንም አስተያይቶ የሚያነብ በጠፋባት ጠባብ ቦታ ውስጥ ነው።

ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በሌላው የዓለም ዳርቻ የሆነው በእኛ ዘንድ ብዙ አይታወቅም፤ የሚያስተምረው ግን አያንስም። በኒውዚላንድ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1840 የዋይታንጊ ውል ተፈረመ። የእንግሊዝኛውን ረቂቅ የአገሩ ነባር ሕዝብ ወደሚናገረው ወደ ማኦሪ ቋንቋ የመለሱት ሄንሪ ዊልያምስ የተባሉ ሚስዮናዊና ልጃቸው ኤድዋርድ ሲሆኑ፣ ሥራውን የጨረሱት በአንድ ሌሊት ነበር። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ የማኦሪ አለቆች ሉዓላዊነታቸውን ሙሉ በሙሉ ለብሪታንያ ዘውድ ያስረክባሉ ይላል። በማኦሪው ጽሑፍ በዚያ ቦታ የገባው ቃል «ካዋናታንጋ» ነው፤ ይህም «ገቨርነር» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተወለደ፣ የማስተዳደር ሥራን የሚያመለክት ቃል ነበር። ሁለተኛው አንቀጽ ደግሞ አለቆቹ በመሬታቸው፣ በመንደራቸውና በንብረታቸው ላይ ያላቸው «ራንጋቲራታንጋ»፣ ማለትም የአለቅነት ሙሉ ሥልጣናቸው፣ እንደሚጠበቅላቸው ያረጋግጣል። ከ500 በላይ አለቆች ፈረሙ፤ አብዛኞቹ የፈረሙትም በማኦሪ ቋንቋ በተጻፈው ላይ ነው። አንዱ ወገን አገሩን ተረከብኩ ብሎ፣ ሌላው ሥልጣኔን አስከበርኩ ብሎ ተለያዩ። በ1845 ጦርነት ተነሣ፤ በ1860ዎቹም ከፍቶ ተመለሰ። ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ትርጉማቸውን የሚመረምር የዋይታንጊ ችሎት የተቋቋመው በ1975 ነው፤ ከፊርማው 135 ዓመት በኋላ ማለት ነው። የማኦሪ ቋንቋም የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ የሆነው በ1987 ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ ሳልመልሰው ባልፍ ራሴን ማታለል ይሆናል። ሩዋንዳውያን ከሞላ ጎደል ሁሉም አንድ ቋንቋ፣ ኪንያርዋንዳን፣ ይናገራሉ። በ1994 በ100 ቀናት ገደማ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲጨፈጨፉ፣ አርቲኤልኤም የተባለው ሬዲዮ ጥላቻን የነዛው በዚያው ገዳይም ሟችም በሚሰሙት ቋንቋ ነበር። ሜይ 10 ቀን 1933 በበርሊንና በሌሎች የጀርመን ከተሞች መጻሕፍትን በአደባባይ ያቃጠሉትም ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች አልነበሩም፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ማንበብ ሰላምን ይወልዳል፣ አንድ ቋንቋም ሰውን ያስማማል የሚል ሁሉ እነዚህን ሁለት እውነቶች ዘልሎ መሄድ አይችልም። «ቋንቋ መግባቢያ ነው» የሚለውን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው የኖርነውን አባባል ሳልጠይቅ መቀበል የተውኩትም ከዚህ የተነሣ ነው። ቋንቋ መግባቢያ የሚሆነው ለመግባባት ለፈቀዱ ነው፤ ላልፈቀዱት መቀስቀሻ ይሆናል።

እነዚህን ሁለት ታሪኮች ደጋግሜ ሳስባቸው አንድ የሚጋሩት ነገር ይታየኛል፤ የተጠላው ወገን ስለ ራሱ የሚናገረው በአድማጩ ጆሮ እንዳይደርስ መደረጉ ነው። የሚደርሰው ስለ እሱ የሚነገረው ብቻ ነው። የሬዲዮው አድማጭ ስለ ጎረቤቱ የሚሰማው ከሬዲዮው እንጂ ከጎረቤቱ አልነበረም፣ አጥር ለአጥር እየኖሩ እንኳ። መጽሐፍ የሚያቃጥልም የሚያቃጥለው ሌላኛው ድምፅ እንዳይነበብ ነው። ስለዚህ ማንበብን ለሰላም የሚጠቅም የሚያደርገው ከአንድ በላይ ምንጭ አስተያይቶ የማንበብ ልማድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሁለተኛ ቋንቋ ደግሞ ከሁሉ የጠነከረው ሁለተኛ ምንጭ ነው። የሌላውን ቋንቋ የሚያነብ ሰው፣ ያ ሌላው ወገን ራሱን በምን ስም እንደሚጠራ፣ በየትኛው ቀን እንደሚያለቅስ፣ እኛ ድል ያልነውን እሱ ምን እንደሚለው፣ አስታራቂም ቀስቃሽም መካከል ሳይገባ ሊያውቅ ይችላል።

እኔ ሁለተኛ ቋንቋ የተማርኩት ካደግሁ በኋላ ነው። በአጠገቤ የሚኖሩ ሰዎች የሚናገሩትን ቋንቋ ለዓመታት እየሰማሁ አንድም ቃል አላውቅም ነበር። ማታ ማታ በግድግዳው ማዶ ድምፃቸው ከፍ ሲል ይጨቃጨቃሉ ብዬ አስብ ነበር፤ አንዳንዴም ስለ እኛ ይሆን የሚያወሩት የሚል ጥርጣሬ ይገባኝ ነበር፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ቋንቋውን መማር ከጀመርኩ ከአንድ ዓመት በኋላ አንድ ምሽት ያንኑ ከፍ ያለ ድምፅ ሰማሁና ሳላስበው ገባኝ። ጆሮአቸው የደከመውን አያታቸውን መድኃኒታቸውን ወስደው እንደሆነ እየጠየቋቸው ነበር። ለዓመታት ጭቅጭቅ ያልኩት ነገር በየምሽቱ የሚደጋገም የእንክብካቤ ጥያቄ ኖሯል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ በሕይወቴ ስንት ነገር እንደዚህ በግድግዳ በኩል ሰምቼ እንደ ፈረድኩ እያሰብኩ አነጋሁ።

ቋንቋ መማር ከሌላው ትምህርት የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ሒሳብን ከማንም ልንማር እንችላለን፤ ቋንቋን ግን በትክክል የሚያስተምሩን ባለቤቶቹ ናቸው። ለመማር የተቀመጠ ሰው የቱንም ያህል የተማረና የተከበረ ቢሆን በእነሱ ፊት እንደ ሕፃን ይንተባተባል፤ ይታረማል፤ ደግሞ ይሳሳታል። እኔን የጎረቤቶቼ የስምንት ዓመት ልጅ ታርመኝ ነበር፤ የግሥ አረባብ በተሳሳትኩ ቁጥር ሥራዋን አቁማ፣ ትክክለኛውን እስክናገር ድረስ በትዕግሥት ትጠብቀኛለች። በእኔና በዚያ ቤት መካከል የነበረውን ነገር የለወጠው ያወቅሁት ቃላት ብዛት ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን የለወጠው የታረምኩበት ብዛት ነው እላለሁ። ሰው ያስተማረውን ሰው በቀላሉ አይጠላም፤ ተማሪውም ከአስተማሪው በላይ ነኝ ብሎ ለማሰብ ይቸገራል።

ይህ ሁሉ ግን የሚሆነው ተማሪው ወድዶ ሲመጣና መማሩም ከሁለቱም ወገን ሲሆን ነው። የሃያኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ በዚህ ረገድ ምሕረት የለሽ ምስክር ነው። በ1948 የፓኪስታን መሥራች መሐመድ አሊ ጂናህ በአገሪቱ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ዛሬ ባንግላዴሽ በምትባለው፣ ዳካ ላይ ቆመው የአገሪቱ የመንግሥት ቋንቋ ኡርዱ ብቻ እንደሚሆን ተናገሩ፤ ከአገሪቱ ሕዝብ አብዛኛው የሚናገረው ግን ቤንጋልኛ ነበር። ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1952 በዚያችው ከተማ ለቋንቋቸው ሰልፍ በወጡ ተማሪዎች ላይ ፖሊስ ተኮሰ። ቤንጋልኛ በ1956 ሕገ መንግሥት ዕውቅና ቢያገኝም የተሰበረው ነገር አልተጠገነም፤ በ1971 ባንግላዴሽ ከጦርነት በኋላ ራሷን ችላ ቆመች። በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 21 የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን ሆኖ በዓለም የሚታሰበው፣ በዩኔስኮ የ1999 ውሳኔ መሠረት፣ እነዚያን ተማሪዎች በማስታወስ ነው።

በስሪላንካ የሆነው ለእኔ ይበልጥ ያሳዝናል፤ ሊደርስ ያለው አስቀድሞ ተነግሮ ነበርና። በ1956 የብዙኃኑን ቋንቋ ሲንሃልኛን ብቸኛ ይፋዊ ቋንቋ የሚያደርገው ሕግ ለምክር ቤት ሲቀርብ፣ ኮልቪን አር. ደ ሲልቫ የተባሉ የምክር ቤት አባል ሁለት ቋንቋ ቢሆን አንድ አገር፣ አንድ ቋንቋ ቢሆን ሁለት አገር ይሆናል የሚል ማስጠንቀቂያ ሰጡ። ሕጉ ጸደቀ። በ1981 በታሚልኛ ተናጋሪዎቹ ከተማ በጃፍና የነበረው ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ፤ 97,000 ያህል መጻሕፍትና ጽሑፎች፣ ከመካከላቸውም በዘንባባ ቅጠል ላይ የተጻፉ ጥንታዊ የታሚልኛ ጽሑፎች፣ አመድ ሆኑ። የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1983 ጀመረ፤ ያበቃውም በ2009 ነው። ታሚልኛ በ1987 በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ይፋዊ ቋንቋ ሲባል ጦርነቱ አራት ዓመት ሆኖት ነበር።

በደቡብ አፍሪካ በ1974 የወጣ መመሪያ ደግሞ ጥቁር ተማሪዎች ሒሳብንና ማኅበራዊ ትምህርትን የነጮቹ ገዥዎች ቋንቋ በሆነው በአፍሪካንስ እንዲማሩ አስገደደ። ጁን 16 ቀን 1976 የሶዌቶ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ፤ ጥይትም ጠበቃቸው። በሦስቱም አገሮች የተባለው ነገር በቅርፁ ሲታይ «ተጨማሪ ቋንቋ ተማሩ» የሚል መሆኑን ልብ እንበል። ቋንቋ መማር መልካም ነው ብሎ የሚከራከር ማንም ሰው፣ እኔንም ጨምሮ፣ ይህን ሊዘነጋ አይገባም። በእነዚህ ቦታዎች ተማር የተባለው ሁልጊዜ አንዱ ወገን ነበር፤ ሌላው ወገን የጎረቤቱን ቋንቋ ሳያውቅ ተወልዶ፣ ተምሮ፣ ሹመት ይዞ ሊሞት ይችል ነበር።

ከዚህም የተነሣ የመጀመሪያው ንባብ በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሆን አጥብቄ እከራከራለሁ። አማርኛችን «አፍ መፍቻ» ሲለው በትክክል ነው የሰየመው፤ መጀመሪያ ያልተፈታ አፍ በሌላ ቋንቋ ሲናገር የሰው ቃል ይደግማል እንጂ የራሱን አይናገርም። በማታው ክፍል አንድ ወጣት ነበረኝ፤ በልጅነቱ በማያውቀው ቋንቋ አራት ዓመት ተምሯል። የትኛውንም ገጽ ብሰጠው ሳይደናቀፍ ያነብ ነበር። ምን እንዳነበበ ስጠይቀው ግን አይመልስም፤ መጀመሪያ ዓይናፋርነት መስሎኝ ነበር። ንባብ ማለት ድምፅ ማውጣት እንደሆነ ብቻ ነበር የተማረው፤ ጽሑፍ ሊጠየቅ፣ ሊጠረጠርና ሊመረመር እንደሚችል ማንም አላሳየውም። ዩኔስኮ ከዓለም ሕዝብ 40 በመቶው በሚናገረው ወይም በሚገባው ቋንቋ ትምህርት እንደማያገኝ አስታውቋል። ይህን ቁጥር ባሰብኩ ጊዜ ያ ወጣት ትዝ ይለኛል። እንዲህ ያለው ንባብ ከመሃይምነት ይልቅ የሚያሰጋበት ጊዜ አለ፤ የታተመውን ሁሉ ያነባል፣ አንዱንም አያጣራም። ወጣቱ በራሱ ቋንቋ ማንበብ ከጀመረ በኋላ ሁለተኛውን ቋንቋ በወራት ውስጥ ተረዳው።

ይህን ርእስ በተመለከተ ከማውቃቸው ታሪኮች ሁሉ ደጋግሜ የምመለስበት የኔልሰን ማንዴላ ነው። ማንዴላ ከ27 የእስር ዓመታቸው 18ቱን ያሳለፉት በሮበን ደሴት ነበር፤ በእስር ቤትም የአሳሪዎቻቸውን ቋንቋ አፍሪካንስን አጠኑ። ከጓዶቻቸው መካከል የጨቋኞችን ቋንቋ ለምን እንማራለን የሚሉ ነበሩ፤ ከሶዌቶ በኋላ ደግሞ ይህ ጥያቄ ምን ያህል የሚያም እንደነበር መገመት አያዳግትም። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው፤ የሶዌቶ ልጆች ተገድደው ነበር፣ ማንዴላ መረጡ። ጁላይ 5 ቀን 1989 ገና እስረኛ ሳሉ ከፕሬዚዳንት ፒ. ደብልዩ. ቦታ ጋር ሲገናኙ፣ በአንድ የአፍሪካንስ መጽሔት ላይ ስላነበቡት በ1914 ስለተነሣው የአፍሪካነሮች፣ ማለትም የአፍሪካንስ ተናጋሪ ነጮች፣ ዓመፅ አነሡ፤ የእኛም ትግል ከዚያ ጋር የሚመሳሰል ነው አሉ። በዚያ ክፍል የነበሩት ሰዎች አልተቀበሏቸውም። ያኛው የወንድማማቾች ጠብ ነበር፣ የእናንተ ግን ሌላ ነው አሏቸው። ማንዴላም ይህኛውም ቀለማቸው የተለያየ ወንድማማቾች ጠብ ተደርጎ ሊታይ ይችላል ብለው መለሱ። እኔን የሚገርመኝ የመልሱ ብልሃት ብቻ አይደለም። መልሱ እንዲገኝ አስቀድሞ አንድ እስረኛ የባላጋራውን መጽሔት በባላጋራው ቋንቋ፣ ባላጋራው ራሱን እንዴት እንደሚያይ ለማወቅ ብሎ፣ ማንበብ ነበረበት። አንድ አንቀጽ በማንበብ አገር ነጻ አልወጣም፤ ከኋላው የብዙ ሺህ ሰዎች መሥዋዕትነት አለ። ቢሆንም ለንግግር መነሻ የሆነውን ቃል ያቀበላቸው ያ ንባብ ነበር።

በግዴታ ሳይሆን በምርጫ፣ ደግሞም ከጉልበተኛው ወገን የመጣ መማር ምን እንደሚመስል ለማሳየት ሌሎች ሁለት ምሳሌዎች አሉኝ። በ1965 በካናዳ ሞንትሪያል አጠገብ በምትገኘው ሴንት ላምበርት እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሆኑ ወላጆች ልጆቻቸው ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በፈረንሳይኛ የሚማሩበት ክፍል እንዲከፈት ታግለው አስከፈቱ። በዚያ ዘመን ሞንትሪያል በምትገኝበት በኩቤክ ግዛት የኢኮኖሚው ኃይል በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እጅ ነበር፤ ለሥራ ሲል የሌላውን ቋንቋ የሚማረው ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ነበር። እነዚህ ወላጆች ግን ያስገደዳቸው ሕግ ሳይኖር የመማሩን ሸክም ወደ ራሳቸው ልጆች አዛወሩት፤ የካናዳ የቋንቋዎች ሕግ እንኳ የወጣው ከአራት ዓመት በኋላ በ1969 ነው። ዛሬ በመላው ካናዳ በዚያው መንገድ የሚማሩ ልጆች በመቶ ሺዎች ይቆጠራሉ።

ሁለተኛው ምሳሌ ፈረንሳይና ጀርመን ናቸው፤ በ70 ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የተዋጉ አገሮች። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1962 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ሻርል ደ ጎል፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጀርመኖች ተማርከው የነበሩት፣ ሉድቪግስቡርግ ላይ ለጀርመን ወጣቶች በጀርመንኛ ንግግር አደረጉ። እዚያ ተሰብስበው ከነበሩት ወጣቶች ብዙዎቹ አባቶቻቸው ፈረንሳይን የወረረው ጦር ወታደሮች እንደነበሩ ማሰብ ይበቃል። ጃንዋሪ 22 ቀን 1963 ደ ጎልና የምዕራብ ጀርመኑ መራሔ መንግሥት ኮንራድ አደናወር በፈረሙት የኤሊዜ ውል ውስጥ እያንዳንዱ አገር የሌላውን ቋንቋ ትምህርት እንዲያስፋፋ የሚያዝ ክፍል ገባ፤ በዚያው ዓመትም የሁለቱን አገሮች ወጣቶች የሚያገናኝ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። በ2006 ደግሞ የሁለቱ አገሮች የታሪክ ምሁራን አንድ ላይ ያዘጋጁት፣ በሁለቱም ቋንቋዎች የታተመ የታሪክ መማሪያ መጽሐፍ ወጣ። ከውጫሌና ከዋይታንጊ በኋላ ይህን መጽሐፍ ሳስበው ልቤ ይሞላል፤ በሁለት ቋንቋ ተጽፎ አንድ ነገር የሚል፣ ልዩነትም ባለበት ቦታ ልዩነቱን በግልጽ የሚያሳይ ወረቀት መጻፍ እንደሚቻል በእጅ ተይዞ የሚታይ ማስረጃ ነውና። ከውሉ እስከ መጽሐፉ 43 ዓመት መፍጀቱንም አልረሳም። ቋንቋ መማር ለዛሬ ጠብ መድኃኒት አይሆንም፤ በጥይት መካከል ሰዋስው የሚያስተምር የለም።

እማማ በማግሥቱ ወረቀቱን ይዘው ወደ ጎረቤታቸው ደጃፍ ሄዱ። ይህን የነገሩኝ ከሳምንት በኋላ ነው። ጎረቤትየውም ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ስለ ውሉ የሚያውቁት ከትዝታቸውና ከሰው አፍ ብቻ ነው። እማማ እዚያው ቆመው ጣታቸውን ከፊደል ፊደል እያሻገሩ አነበቡላቸው። አዛውንቱ እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ አላመሰገኗቸውም፤ የልጅ ልጃቸውን ከውስጥ ጠርተው ወረቀቱን ሰጡትና እሱም እንዲያነብ አዘዙት።

«አልተቀየሟቸውም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ለምን እቀየማለሁ ልጄ? እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እንደዚያ ነበር የማደርገው» አሉ። «ልጁ ሲያነብ እኔም አብሬው በልቤ አነበብኩ። አንድ ቃል እንኳ አልተለየም።»